አሠልጣኝ ስለ መለወጥና ተጫዋች ስለ መመልመል

በሬዲዮ ተሰምቶ ዛሬ በዚህ ዓምድ የሚቀርብላችሁ ንግግር መነሻው ከዋድላ ወረዳ፣ ከኮን ከተማ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው። የጻፈልን የአንድ የወጣቶች እግር ኳስ ቡድን ጸሐፊ ነው። ቡድኑ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ስለ ተሸነፈ ኮሚቴው አሠልጣኙን ለማሰናበት አስቧል። አሠልጣኙ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ያለ አንዳች ደመወዝ ልጆቹን የሚያሠለጥን መምህር ነው። ከዚህም በላይ ከተጫዋቾቹ መካከል ሁለቱን፣ አንደኛው ገና አሥራ ሰባት ዓመት ያልሞላው፣ በሌላ ከተማ ያለ ክለብ እየጠራቸው ነው። እንግዲህ አሠልጣኙን እንለውጥ ወይስ እንታገሥ? ልጆቹንስ እንልቀቅ ወይስ እንያዝ? ሲል ጸሐፊው ይጠይቀናል። ኮሚቴው በመጪው እሑድ ስለሚሰበሰብ መልሱ እንዲፈጥንለትም አሳስቦናል።

ኮን ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፈው መንገድ የሚያገኛት የደጋ ከተማ ናት። አንድ ጊዜ በዚያ ሳልፍ ልጆች ድንጋይ ደርድረው ጎል በማድረግ በተዳፋት ሜዳ ላይ ሲጫወቱ አይቻለሁ። ኳሷ ቁልቁል በሄደች ቁጥር የሚሮጠው ሁልጊዜ ታናሹ ነበር። ደብዳቤውን ሳነብ ያ ሜዳ ትዝ አለኝ።

ለመሆኑ ቡድን በተሸነፈ ቁጥር አሠልጣኙ ስለ ምን ይሰናበታል? ምክንያቱ የተሠወረ አይደለም። ተጫዋቾቹን ሁሉ በአንድ ቀን ማሰናበት አይቻልም፤ ኮሚቴውም ራሱን አያሰናብትም፤ ስለዚህ ጣት የሚቀሰረው በአንድ ሰው ላይ ይሆናል። ብሔራዊ ቡድናችንን እንኳ ብንመለከት፣ አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አብቅተው በጥር 2005 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካ ወሰዷት። በሚቀጥለው ዓመት ግን ተሰናበቱ። ከዚያ በኋላ እስከ 2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረ መድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱና ውበቱ አባተ በየተራ ተሾሙ። በሰባት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ስድስት አሠልጣኝ ማለት ነው። እያንዳንዱም ሲመጣ የራሱን አጨዋወት ይዞ መጥቷል፤ ተጫዋቹም ያለፈውን መርሳትና አዲሱን መማር ግዴታው ሆኗል።

የኔዘርላንድን ሊግ የመረመሩ የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት አንድ የሚያስገርም ነገር አግኝተዋል። አሠልጣኙን ያሰናበተ ክለብ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ውጤቱ ይሻሻላል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው መጠን ወድቆ ሳለ አሠልጣኙን ያቆየ ክለብም እንደዚያው ያገግማል። ክፉ ቀን ብዙውን ጊዜ በራሱ ያልፋልና፣ አዲሱ አሠልጣኝ ያመሰገኑት በማለፉ ነው።

ኮን የምትገኝበት ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር በቅኔ ቤትነት ስሙ የሚጠራ አገር ስለ ሆነ፣ ነገሩን ለኮን ሰው ማስረዳት አይቸግርም። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ ሲደርስ በየወሩ መምህር ቢቀያየርበት ምን ይሆናል? ተማሪው መምህር ፍለጋ አገር ለአገር ይዞራል እንጂ፣ ካገኘ በኋላስ የአንዱን መንገድ እስኪይዝ ድረስ ይቀመጣል።

ይህን ስል አሠልጣኝ ምንጊዜም አይነካ ማለቴ አይደለም። ልጆችን የሚሳደብ፣ ከልምምድ የሚቀር፣ ጉቦ ተቀብሎ የሚያሰልፍ ቢሆን ነገ ሳይሆን ዛሬ ይሂድ። ቅዱስ ጊዮርጊስም በ2014 ዓ.ም. የውድድር ዘመን መካከል ከሰርቢያዊ አሠልጣኙ ጋር ተለያይቶ ዋንጫውን ወስዷል። ዳሩ ግን የተተኩት ማን እንደ ነበሩ ልብ በሉ። ምክትል የነበሩት ዘሪሁን ሸንገታ ናቸው፤ ተጫዋቾቹን በስምና በጠባይ የሚያውቁ፣ የቤቱ ሰው። በ2015 ዓ.ም.ም ደገሙት።

አሁን ወደ ምልመላው እንሂድ፤ የባሰው ጉዳይ ያለው እዚህ ነው።

በአገራችን ብዙ ክለቦች የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ድርጅት በሚገኝ በጀት ነው። ተጫዋቹም ብዙ ጊዜ የሚፈርመው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ ክረምት በገባ ቁጥር ቡድኑ ይበተናል፣ እንደገናም ይሰበሰባል። የጅማ አባ ጅፋርን ታሪክ የማያስታውስ የእግር ኳስ ወዳጅ የለም። ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ገብረ መድኅን ኃይሌ እያሠለጠኑት የአገሪቱን ዋንጫ አነሣ። ምን ያህል ደስታ እንደ ነበረ ለመናገር ያስቸግራል። በሚቀጥለው ዓመት አሠልጣኙ ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄዱ፤ የ2011 ዓ.ም. ዋንጫም መቐለ ገባ። ጅማም በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ። ዋንጫው ከሰዎቹ ጋር መጥቶ ከሰዎቹ ጋር ሄደ ለማለት ይቻላል። ይህን ከፋሲል ከነማ ጋር አስተያዩት፤ አሠልጣኝ ሥዩም ከበደ በ2012 ዓ.ም. ውድድሩ በኮሮና በሽታ ምክንያት ተቋርጦ ያለ ዋንጫ ቢቀሩም ክለቡ አቆያቸው፤ በ2013 ዓ.ም. ፋሲል የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አገኘ።

የደመወዙ ፉክክር እያየለ ሲሄድ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተስማምተው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወስነው ነበር። ከጣሪያው በላይ በጓሮ በር ይከፈላል የሚለው ወሬ ግን ያን ጊዜም አልጠፋም።

ለኮን የሚቀርበው ምሳሌ ደግሞ ወልድያ ነው። የወልድያ ክለብ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አድጎ በ2007 ዓ.ም. ወረደ። በ2009 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት በጥር ወር 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዘው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አላሙዲን ስታዲየም ተመረቀለት። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ክለቡ እንደገና ወረደ። እንዲህ ያለ ስታዲየም በአጠገቡ ያለው የሰሜን ወሎ ልጅ የሚጫወትበት ሜዳ አላጣም፤ ያጣው ከኮን፣ ከጋሸናና ከላሊበላ ፈልጎ የሚያመጣው፣ ካመጣውም በኋላ ዓመት ሳይቆጥር የሚያሳድገው ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በአካባቢው የተደረገው ጦርነት ደግሞ የነበረውንም አናግቶታል።

ጸሐፊያችን ስለ ሁለቱ ልጆች ላቀረበው ጥያቄ የሚረዳ የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ማኅበር፣ የፊፋ፣ ደንብ አለ። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ከሦስት ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ውል መፈረም አይችልም። ክለቡ የሁለት ወር ደመወዝ በግፍ ካስቀረበትና በጽሑፍ ተጠይቆ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካልከፈለ፣ ተጫዋቹ ውሉን ለማፍረስ በቂ ምክንያት አለው። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይህ ነው፤ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በገንዘብ ወደ ውጭ አገር ክለብ ሲዛወር ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። በ2014 ዓ.ም. አቡበከር ናስር ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ መፈረሙ እንዲህ ያለው ዕድል ለእኛም ልጆች የተዘጋ እንዳልሆነ ያሳያል። ነገር ግን ገንዘቡ የሚሄደው በፌዴሬሽን መዝገብ ላይ ስሙ ወዳለ ክለብ ነው። በኮን ሜዳ አምስት ዓመት የተጫወተ ልጅ ስሙ በደብተር ብቻ ከተጻፈ ኮን እንዳላሠለጠነችው ይቆጠራል።

እንግዲህ ለጸሐፊው መልሴ ይህ ነው። መምህሩን እስከ ዓመቱ ፍጻሜ አቆዩት። ስለ ሦስቱ ሽንፈት ከመጠየቅ ይልቅ ስንት ልጅ በልምምድ እንደሚገኝ፣ ከገጠር ቀበሌዎች ስንት አዲስ ልጅ እንዳመጣ፣ ኳስና ጫማ ምን ያህል እንደጎደለው ጠይቁት። ምናልባት የሽንፈቱ ምክንያት ከዚህ መጨረሻው ላይ ይገኝ ይሆናል። ታላቁን ልጅ፣ ደመወዙና የውሉ ዘመን በጽሑፍ ከታየ፣ መርቃችሁ ስደዱት፤ ዕድሉን መዝጋት አይገባም። ታናሹ ግን የትምህርት ዓመቱን ይጨርስ፤ የሚጠራው ክለብ በእውነት ከፈለገው እስከ ሰኔ ይጠብቀዋል፤ ወላጆቹም በጉዳዩ ይጠየቁ።

ከሁሉ በፊት የሁለቱን ልጆች ስም፣ የትውልድ ቀንና በቡድኑ ውስጥ የተጫወቱበትን ዓመት ጽፋችሁ በወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት በኩል ወደ ዞኑ ፌዴሬሽን ላኩ። ማኅተም የተደረገበትን አንድ ቅጂ በእጃችሁ አስቀሩ። እስከ እሑድ ጊዜ አለ።