የሰም ምርጫና የበረዶው ጠባይ

አንደኛ አቅራቢ፦ ክላሲክ በሚባለው የአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳዳሪው ማሽን በደለደለው መንገድ ላይ በወጡ ሁለት ትይዩ ቦዮች ውስጥ እግሮቹን እያፈራረቀ ይንሸራተታል፤ የስኪው መካከል ወደ ላይ የጎበጠ ስለሆነ በረዶውን አጥብቆ የሚነካው ተወዳዳሪው ሙሉ ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ሲጥል ብቻ ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ በዚያ መካከለኛ ክፍል ላይ የሚቀባው ሰም ነው ወደኋላ መንሸራተትን የሚከለክለው፤ የአዲስ በረዶ ስል ቅንጣቶች ለቅጽበት ሰሙ ውስጥ ይሰካሉ፣ ስኪው ወደፊት ሲሄድም ይላቀቃሉ። ስለዚህ ለቀዝቃዛ በረዶ ጠንካራ፣ ለሞቅ ያለው ለስላሳ ሰም ይመረጣል።

አንደኛ አቅራቢ፦ ቀልጦ ዳግመኛ ለረጋ በረዶ ግን፣ ቅንጣቶቹ ስለታቸውን ስለሚያጡ፣ ክሊስተር የተባለው እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ቅባት ያስፈልጋል። ከሁሉም የሚከፋው የሙቀት መጠኑ 0 ዲግሪ አካባቢ ሲዋልል ነው፤ ጥላ ሥር ያለው ቦይ ደረቅ፣ ፀሐይ ያገኘው እርጥብ ይሆናል፤ እርጥቡን ያለፈ ስኪም ደረቁ ላይ ሲደርስ ሥሩ በረዶ ቋጥሮ አልንቀሳቀስ ይላል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ በ15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው ሮቤል ተክለማርያም የተሰለፈው እንዲህ ባለ ስፖርት ነበር፤ የጉልበትን ያህል የበረዶ ዕውቀት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ተሳትፎው ከውጤቱ በላይ ሊከበር ይገባዋል።