በሙቀት ወራት ስለሚበላ የዶሮና የፍራፍሬ ሰላጣ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዛሬ ስለ አንድ ምግብ ጥቂት ቃል እንድንናገር ተፈቅዶልናል። በማታር ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ሙቀት ለማናችሁም የተሰወረ አይደለም። ከእሳት የወረደ ወጥ ሲቀርብ ከጉርሻው በፊት ላቡ ይወርዳል። በጋምቤላ ምድር ማንጎ ሲደርስ ደግሞ ከዛፉ ሥር ወድቆ የሚበሰብሰው ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ዶሮውንና ማንጎውን በአንድ ሳህን ለማገናኘት አሰብን። ሰላጣ ስንል ቅጠሉን ሳይሆን ተቆራርጦ የተደባለቀውን ቀዝቃዛ ምግብ ማለታችን ነው።

«ያለ ማቀዝቀዣ እንዴት ይሆናል?» ብላችሁ እንደምትጠይቁን እናውቃለን። ጥያቄው ትክክል ነው፤ የተቀቀለ ሥጋ በሙቀት ሲቆይ ለዓይንና ለአፍንጫ ደኅና መስሎ ሳለ ረቂቅ ተሐዋስያን ይራቡበታልና። ከሁሉ ይልቅ ሕፃናትን በተቅማጥና በትውከት ይጎዳል። የእኛ መልስ ግን ቅዝቃዜው ከሥጋው ሳይሆን ከፍራፍሬው ይምጣ የሚል ነው። ያልተላጠ ማንጎና ፓፓያ ማታ ታጥቦ በሸክላ ድስት ይቀመጥ፤ ድስቱም በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይደር። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳልና ጧት ፍሬው ቀዝቅዞ ይገኛል። ይህ ዘዴ አየሩ ደረቅ ሲሆን ይሠራል፤ በዝናብ ወራት ግን እምብዛም ነው።

ዶሮው የሚታረደው በዚያው ቀን ነው። ሥጋው ከአጥንቱ እስኪላቀቅ ድረስ ይቀቀል፤ ያረጀች ያገር ዶሮ ብትሆን ትዕግሥት ያስፈልጋል። ከዚያ በስሱ ተበጣጥሶ በሰፊ ትሪ ይዘርጋና ዝንብ እንዳያርፍበት ይሸፈን፤ ለብ ካለ ይበቃል። ጥሬውን ዶሮ የበለተ ቢላ በሳሙናና በፈላ ውኃ ሳይታጠብ ወደ ማንጎው አይሂድ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው።

ለ1 ዶሮ 2 ማንጎ፣ ግማሽ የበሰለ ፓፓያ፣ 1 ቀይ ሽንኩርት፣ ጥቂት ቃሪያ፣ የ2 ሎሚ ጭማቂ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ጨው ይበቃል። ማዮኔዝ የሚጨምሩ አሉ፤ በቤት ሲሠራ ከጥሬ እንቁላል ስለሚዘጋጅ በዚህ ሙቀት አንመክረውም። ሰናፍጭ ግን ያምርበታል። ጾም በገባበት ቤት በዶሮው ፈንታ የተቀቀለ ሽምብራ ይግባ።

ምግቡ የሚደባለቀው በላተኞቹ እጃቸውን ታጥበው ከተቀመጡ በኋላ ነው። አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሆን የተቀቀለ ሥጋ ውጭ ከ1 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። እዚህ ላይ ከእናቶቻችን ጋር እንከራከራለን። ለሚዘገይ እንግዳ ድርሻ ማስቀመጥ መልካም ልማድ ነው፤ ወጥ ቢሆን ዳግመኛ ይፈላል። ይህ ግን አይፈላም። ስለዚህ የእንግዳው ድርሻ በጊዜው ለጎረቤት ልጆች ይሰጥ፤ እንግዳውም ሲመጣ ሌላ ነገር ይቅረብለት።

አሁን በዛፉ ጥላ ሥር ሁለት ሰፋፊ ሳህን ተሰናድቷል፤ የእጅ መታጠቢያውም በአጠገቡ ነው። የተረፈውን ከ1 ሰዓት በኋላ ስለምናነሣው እባካችሁ ቶሎ ኑ።