ዓርብ ማታ ሊጉ ይከፈታል፤ ትንበያው የማን፣ ገንዘቡ የማን?

(በሳተላይት ቴሌቪዥን ከቀረበ ሳምንታዊ ሐተታ በጽሁፍ የተገለበጠ፤ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.)

ዛሬ ስለ ምርጫ ቦርድም ስለ ዶላር ምንዛሪም አላወራም። የፊታችን ዓርብ ነሐሴ 9 ሊቨርፑል ቦርንማውዝን አንፊልድ ላይ ሲያስተናግድ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ይከፈታል። እሁድ ነሐሴ 11 ደግሞ አርሰናል ኦልድ ትራፎርድ ሄዶ ማንችስተር ዩናይትድን ይገጥማል። «እርስዎ የፖለቲካ ሰው አይደሉም ወይ? ኳስ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረግዎት?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ። ጉዳዩ ከሜዳ ወጥቶ ኪሳችን ውስጥ የገባ ስለሆነ ነው።

የምናገረው ከሆሎዌይ ነው። ኤምሬትስ ስታዲየም ያለው እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ ነው። ጨዋታ ባለበት ቀን ሆሎዌይ ሮድ ቀይ ለብሶ ይውላል፤ 60 ሺህ ሰው ሲፈስ ባቡር ጣቢያው እንኳ እንደልብ አይገባበትም። ከዚህ ትንሽ ወረድ ብሎ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ደግሞ ሰሞኑን ከሽሮው በፊት የሚቀርበው ትንበያ ነው። በነሐሴ ወር አርሰናል ያልበላው ዋንጫ የለም! ችግሩ ግንቦት ላይ ነው።

እንግዲህ የእኔን ልናገርና እንከራከር። ዘንድሮ አርሰናል አንደኛ ይወጣል እላለሁ። ምክንያቴን ስሙኝ። አርሰናል ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ወጥቷል፤ በ84 ነጥብ፣ በ89 ነጥብ፣ ባለፈው ዓመት በ74 ነጥብ። ባለፈው ዓመት የተሸነፈው አራት ጨዋታ ብቻ ነው። ሻምፒዮኑ ሊቨርፑልም የተሸነፈው አራት ነው። ታዲያ የአሥር ነጥብ ልዩነት ከየት መጣ? አርሰናል 14 ጊዜ አቻ ወጣ፤ ሊቨርፑል ዘጠኝ ጊዜ። ግብ በማስቆጠር በኩል እንጂ በመከላከል በኩል ማንም አልበለጠውም፤ ከሁሉም ያነሰ ግብ የተቆጠረበት እሱ ነው። ሳካ ከታኅሣሥ ጀምሮ ወራት ተኛ፣ ጄሱስ ጉልበቱ ሄደ፣ ሃቨርትዝ በየካቲት ታፋው ተበጠሰና ቡድኑ ያለ አጥቂ ቀረ። አሁን ዮኬሬሽ ከስፖርቲንግ መጥቷል፤ ባለፈው ዓመት በፖርቱጋል ሊግ ብቻ 39 ግብ ያስቆጠረ ሰው ነው። የፖርቱጋል ግብ በእንግሊዝ ገበያ ስንት እንደሚመነዘር እንከራከር ይሆናል፤ እኔ ግማሹ ይበቃኛል ባይ ነኝ። ከእነዚያ 14 አቻዎች አምስቱን ወደ ድል ብትለውጧቸው አሥር ነጥብ ነው። ሂሳቡ ይኸው ነው።

በወዳጅነት ጨዋታ ቪያሪያል 3 ለ 2 አሸነፈን ብላችሁ አታስፈራሩኝ፤ በሦስተኛው ቀን አትሌቲክ ቢልባኦን 3 ለ 0 አሸንፈናል ብዬም አልመካም። የወዳጅነት ጨዋታ ወዳጅነት ነው።

ሊቨርፑል ሁለተኛ። ቪርትዝንና ኤኪቲኬን ገዝቷል፤ አርኖልድን ለማድሪድ፣ ዲያዝን ለባየርን ለቋል። ዲዮጎ ዦታን በመኪና አደጋ ከቀበሩ ገና ሁለት ወር አልሞላቸውም። እንዲህ ያለ ሐዘን በነጥብ አይተመንምና ስለሱ አልተነብይም። ሲቲ ሦስተኛ። ቼልሲ የክለቦች ዓለም ዋንጫን በሐምሌ ወስዶ ሳያርፍ ነው የሚገባው፤ አራተኛ። ቶተንሃም ባለፈው ዓመት 17ኛ ወጥቶ የአውሮፓ ሊግ ዋንጫ በላ፤ ዋንጫውን ያመጣላቸውን አሰልጣኝ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አሰናበቱት። ስለ ቶተንሃም ከዚህ በላይ መናገር በሆሎዌይ ነውር ነው።

ኒውካስልን በተመለከተ የሁላችንም ዓይን አሌክሳንደር ኢሳቅ ላይ ነው። ከኤርትራውያን ወላጆች ስዊድን የተወለደው ልጅ ባለፈው ዓመት በሊጉ 23 ግብ አስቆጥሮ ዛሬ ልሂድ እያለ ነው፤ ክለቡ የሊቨርፑልን ገንዘብ መልሷል። የዝውውር መስኮቱ ሳይዘጋ ይሄዳል ባይ ነኝ። ከሄደ የሊቨርፑልና የአርሰናል ልዩነት ይጠባል፤ አንደኛነቱን ግን አልቀይርም። ከታች ደግሞ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ከታች ያደጉት ስድስቱም ክለቦች በመጡበት ዓመት ተመልሰው ወርደዋል። ዘንድሮ ሊድስ ይተርፋል። በእሱ ፈንታ ኩኛንና አይት ኑሪን የሸጠው ዎልቭስ ይወርዳል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ትንበያ እንዴት እንደሚሳሳት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ ስታዲየም የሆነውን እናስታውስ። በጥር 2014 እንደ ፈረንጆቹ፣ ጌዲዮን ዘላለም የተባለ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን የተወለደ የ16 ዓመት ልጅ፣ በኤፍ ኤ ካፕ ከኮቨንትሪ ጋር ተቀይሮ ገባ። ቬንገር አሰልጣኝ ከሆኑ በኋላ ተወልዶ ለአርሰናል የተሰለፈ የመጀመሪያው ተጫዋች እሱ ነው። ያን ጊዜ ሐበሻው ሁሉ ነቢይ ሆነ። አንዱ ፋብሪጋስን ይተካል፣ ሌላው ለዋልያዎቹ ይጫወታል አለ። ልጁ ለዋልያዎቹ ሳይሆን ለአሜሪካ ወጣት ቡድን መረጠ፤ በውሰት ወደ ሬንጀርስ ሄደ፤ በ2017 በወጣቶች ዓለም ዋንጫ ላይ የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ፤ በመጨረሻም በፕሪሚየር ሊግ አንድም ጨዋታ ለአርሰናል ሳይሰለፍ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። የልጁ ጥፋት አይደለም። ዓይኑ የሚያይ፣ ኳስ የሚያቀብል ጥሩ ተጫዋች ነበር። እኛ ግን የተመኘነውን ያየነው መሰለን።

በእኔ ሙያም ያው ነው። ፊሊፕ ቴትሎክ የሚባል ምሁር 284 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ለሃያ ዓመት ያህል የፖለቲካ ትንበያቸውን እየመዘገበ ቆየ፤ ውጤቱን በ2005 በመጽሐፍ አወጣው። በአማካይ የባለሙያዎቹ ግምት ዓይንን ጨፍኖ ከመገመት ብዙም የማይሻል ሆነ። ይበልጥ የሚገርመው፣ በቴሌቪዥን በጣም የታወቁት ከሌሎቹ ይብሳሉ! (አዎ፣ እየሰማሁ ነው፤ አትሳቁ።) በኳስና በፖለቲካ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነው፤ የኳሱ ትንበያ በግንቦት በሠንጠረዥ ይመረመራል። «ይህ መንግሥት ስድስት ወር አይቆይም» የሚለው ግን ስድስት ወሩ ሲያልፍ ጠያቂ ስለሌለው ሌላ ስድስት ወር ይጨመርለታል።

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አንተ እዚያ ስታዲየሙ አጠገብ ነህ፣ ሳካ እሁድ ይሰለፋል?» አለኝ። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ አተትኩለት። በኋላ ስጠይቀው ለካ ለቤቲንግ ትኬት ነው! ስምንት ጨዋታ በአንድ ትኬት ቆርጧል። ብሩ ደግሞ ለኮሌጅ ምዝገባ ከዚህ የተላከው ነው። ስንቶቻችሁ ናችሁ ይህ ስልክ የተደወለላችሁ?

ለእሱ ያስረዳሁትን ለእናንተም ላስረዳ። እያንዳንዱን ጨዋታ የማወቅ ዕድልህ ከመቶ ስድሳ ነው እንበል፤ ይህ ራሱ ጎበዝ ገማች ነው። ስምንቱም አንድ ላይ የመግባታቸው ዕድል ግን 60 በመቶ በራሱ ስምንት ጊዜ ተባዝቶ ነው፤ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው «አንድ ጨዋታ ብቻ አበላሸብኝ» የሚለው እሮሮ ከየቤቲንግ ቤቱ የማይጠፋው። ትኬቱ የተሠራው አንድ እንዲያበላሽበት ነው።

ሁለተኛ፣ ድርጅቱ የሚያወጣው ቁጥር የእውነተኛው ዕድል ዋጋ አይደለም። ሳንቲም ስትወረውር አንበሳው ወይም ሰውየው እኩል ዕድል አላቸው፤ ትክክለኛው ክፍያ ለአንድ ብር ሁለት ብር ነው። ድርጅቱ ግን ብር ከ90 ይከፍልሃል። በየጨዋታው አምስት በመቶ ቆረጠ ማለት ነው። ትንሽ ትመስላለች። ስምንት ጨዋታ ስትደራርብ ግን ከመቶ ብር በአማካይ የሚመለሰው 66 ብር ገደማ ነው። ሲደራረብ የሚያድገው የልጁ ዕድል ሳይሆን የቤቱ ድርሻ ነው። አዎ፣ ሌስተር በ2016 አምስት ሺህ ለአንድ ተብሎ ሻምፒዮን ሆኗል፤ አርሰናል ያን ዓመትም ሁለተኛ ነበር። ያን ቀን የከፈለው ድርጅት ግን ሱቁን አልዘጋም።

ስለዚህ ገንዘብ የምትልኩ ወገኖቼ፣ ክፍያውን ለትምህርት ቤቱ በቀጥታ መላክ ከተቻለ እንደዚያ አድርጉ። ልጆቹን አትስደቧቸው፤ ሥራ አጥቶ የሚውል ወጣት ተስፋን በአምሳ ብር ሲሸጡለት መግዛቱ አይገርምም። ስለ ሳካ ታፋም ከሆሎዌይ ምንም የተለየ ነገር አናውቅም በሏቸው። እኛም የምናነበው እነሱ የሚያነቡትን ነው።

የአገራችንን ሊግ ሳልነካ ብሄድ ደግሞ ትታዘቡኛላችሁ። በ2016 ንግድ ባንክ ከከፍተኛ ሊግ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን በላ። በ2017 ኢትዮጵያ መድን ወሰደው። የመድኑ አሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ ቀደም ሲል ከጅማ አባ ጅፋር፣ ቀጥሎም በ2011 ከመቐለ 70 እንደርታ ጋር ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው፤ በሦስት የተለያዩ ክለቦች። ለአሰልጣኝ ብትገምቱ ያዋጣል። ያ የ2011 ሻምፒዮን መቐለ ግን ጦርነቱ መጥቶ ከሊጉ ወጣ፤ ከወልዋሎና ከስሑል ሽረ ጋር የተመለሰው በ2017 ነው። ይህን የትኛው የኳስ ተንታኝ ገመተ? በ2013 ፋሲል ከነማ ሻምፒዮን ሲሆን ጎንደር ጨፈረች፤ ዋንጫውን ያስገኙትን ጨዋታዎች ግን የጎንደር ሰው ያየው በቴሌቪዥን ነው፤ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስቦ ነበርና የሚካሄደው። እኔ እዚህ ከቤቴ ወጥቼ በእግሬ ኤምሬትስ እደርሳለሁ።

ለመጪው 2018 ትንበያዬ፦ መድን ዋንጫውን አይደግመውም፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ይመለሳል። ጎንደርና መቐለ የየራሳቸውን ቡድን በየሜዳቸው ዓመቱን ሙሉ አያዩም። ይህችኛዋ ትንበያዬ እንድትከሽፍ ከልቤ እመኛለሁ። የእናንተን ትንበያ ከዓርብ በፊት በጽሁፍ ላኩልን፣ ከነስማችሁ፤ ግንቦት ላይ አውጥተን እናነባለን። ደህና ሰንብቱ።