«ኖርማል» ስንል በምን ለክተን ነው?



ዛሬ በፊታችሁ የምናቀርበው ንግግር ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሏም «ኖርማል» የምትባለው ናት። «ለአንዲት ቃል ይህን ያህል ጊዜ ምን ያስፈልጋታል?» የሚል ሰው ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም ቀድሞ እንዲሁ እናስብ ነበር። ነገር ግን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ትምህርታችንን የምንቀበለው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ በቃል ላይ የሚደርስ ስሕተት ውሎ አድሮ በዕውቀት ላይ የሚደርስ ስሕተት ይሆንብናል።

ነገሩ የተነሣው በመኝታ ክፍላችን ነው። አንድ ማታ ለፈተና ስናጠና፣ ኬሚስትሪ የሚማረው ጓደኛችን ድምፁን ከፍ አድርጎ «አንድ ኖርማል የጨው ውሃ ማለት በሊትር 58.5 ግራም ጨው ያለበት ነው» አለ። ሕክምና የሚማረው ደግሞ ከአልጋው ብድግ ብሎ «ኧረ 9 ግራም ነው! ኖርማል ሳላይን በየቀኑ በሆስፒታል የምናየው አይደለም ወይ?» ሲል መለሰለት። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። በመጨረሻ መጻሕፍቱን አምጥተን ብናስተያይ ሁለቱም እውነታቸውን ሆኖ ተገኘ።

ለኬሚስቱ ኖርማል የቍጥር ስም ነው። ይኸውም በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ነገር ከሌላው ጋር ሲዋሐድ ምን ያህል እንደሚመዝን የሚነግር ነው። ለምሳሌ ሰልፈሪክ አሲድ ሁለት ሃይድሮጅን ስለሚሰጥ፣ 98 ግራሙ ለሁለት ተከፍሎ 49 ግራም በሊትር አንድ ኖርማል ይባላል። ዛሬ ብዙዎቹ ኬሚስቶች በዚህ ፈንታ ሞላር በሚባለው መስፈሪያ መጠቀምን መርጠዋል። ለሐኪሙ ግን ኖርማል ሳላይን ማለት ጨውነቱ ለደም የሚቀርብ፣ ከመቶ 0.9 እጅ ጨው ያለበት ውሃ ነው። የኬሚስቱ ጨው ከሐኪሙ ስድስት እጥፍ ይበልጣል። አንዱን በሌላው ቦታ ተክቶ በበሽተኛ ደም ሥር ማፍሰስ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። እንግዲህ ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ከዚያች ማታ በኋላ የቃሏን ዘር መፈለግ ጀመርን። «ኖርማ» በላቲን ቋንቋ የአናጢና የግንበኛ ማዕዘን መለኪያ ስም ነው፤ የእኛ አናጢዎች ስኳድራ የሚሉት ማለት ነው። በጂኦሜትሪ ከአንድ ገጽ ላይ በቀጤ ማዕዘን የሚቆመው መሥመር ኖርማል የተባለው ስለዚህ ነው። በፊዚክስም ብርሃን በመስተዋት ላይ ሲያርፍ ማዕዘኑ የሚለካው ከዚሁ መሥመር ተነሥቶ ነው። በትምህርት መስክ ደግሞ ቃሉ አርአያ ወደ መሆን ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1794 በፓሪስ የተቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ ኤኮል ኖርማል የተባለው የማስተማር ሥርዓት መለኪያ እንዲሆን ነው። በአሜሪካ በኢሊኖይ ክፍለ አገር ኖርማል የምትባል ከተማ አለች፤ ስሟን ያገኘችው በዚያ ከነበረው የመምህራን ማሠልጠኛ ነው እንጂ ነዋሪዎቿ ከሌላው ሰው ይልቅ ጤነኞች ስለ ሆኑ አይደለም።

እስካሁን ያየነው ሁሉ አንድ ነገር ያስተባብረዋል። ኖርማል በተባለበት ስፍራ ሁሉ ከበስተጀርባው አንድ መለኪያ አለ። ችግር የሚመጣው መለኪያው ሲረሳ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚረሳው በስታቲስቲክስ ነው። እንደ ደወል ጕብ ብሎ ግራና ቀኙ ዝቅ የሚለው የቍጥሮች ሥርጭት ኖርማል ይባላል። ይህን ስም እንዲለመድ ካደረጉት አንዱ የሆነው ካርል ፒርሰን እ.ኤ.አ. በ1920፣ ስሙ ሰዎችን ሌላው ሥርጭት ሁሉ ጕድለት ያለበት ነው ወደ ማለት እንደሚመራ ገልጾ ነበር። የፈራውም አልቀረም።

በሕክምና ላቦራቶሪ ኖርማል የሚባለው ወሰን ብዙውን ጊዜ ከመቶ ጤነኞች የ95ቱን ውጤት የሚይዝ ነው። አምስቱ ጤነኞች ሳሉ ከወሰኑ ውጭ ይቀራሉ። አንድ ጤነኛ ሰው እርስ በርስ የማይያያዙ 20 ምርመራዎች ቢደረጉለት፣ ቢያንስ አንዱ ከወሰን ውጭ የመሆኑ ዕድል ከመቶ 64 ነው። ደግሞስ የተለካው ማን ነው? የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ሄሞግሎቢን በባሕር ጠረፍ ከሚኖረው ሰው በግልጽ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ግን በስሜን ተራሮች ከ3500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሄሞግሎቢን ከባሕር ጠረፍ ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ እንደ ተገኘ አሳይቷል። እንግዲህ ለደጋ ሰው ኖርማሉ የትኛው ነው? ማንን እንደ ለኩ ሳይጠይቁ መልስ መስጠት አይቻልም።

አሁን ወደ ቋንቋችን እንመለስ። አማርኛ ለዚህች አንዲት ቃል አንድ አቻ የለውም። በጂኦሜትሪ ቀጤ ነክ፣ በመሥሪያ ቤት መደበኛ፣ በኑሮ የተለመደ፣ በሕክምና ጤነኛ እንላለን። ይህን አንዳንዶች እንደ ድኽነት ይቆጥሩታል። እኛ ግን እንደ ሀብት እንቆጥረዋለን፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛው እንድናልፈው የሚፈቅድልንን ጥያቄ አማርኛው እንድንመልሰው ያስገድደናል። የተለመደ ሁሉ ጤነኛ አይደለም፤ ያልተለመደም ሁሉ በሽተኛ አይደለም። በግራ እጁ የሚጽፍ ልጅ ያልተለመደ ነው፤ ጥፋተኛ ግን አይደለም። ዛሬ በየመንገዱ «ኖርማል ነው» እያልን ስናልፍ ይህን የመለየት ችሎታችንን በገዛ እጃችን እየጣልነው ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። መምህራኖቻችን እንዲህ ያለውን ቃል በክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሡ በየትኛው መለኪያ እንደሚናገሩ እንዲገልጹልን በትሕትና እንለምናለን። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ከየፋኵልቲው ተሰባስበን፣ እንደ «ኖርማል» ያሉ ቃላትን በየዕትሙ አንድ አንድ እያነሣን በዚህ ጋዜጣ ብናብራራ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ የሆነ ሥራ እንሠራለን።

እስከዚያው ድረስ ግን አንድ ሰው «ይህ ኖርማል አይደለም» ሲላችሁ፣ ተቈጥታችሁ ወይም ደንግጣችሁ ከመመለሳችሁ በፊት «በምን ለክተኸው ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።