ደም ያለ ቦታው ሲረጋ

ጽንስ ደጋግሞ ሲጨናገፍ ሰፈሩ «ሾተላይ አለባት» ይላል፤ ጣት የሚቀሰረውም ሁሌ በሴቲቱ ላይ ነው። ሐኪም ቤት በዚህ ስም የሚጠራው የእናትና የጽንስ የደም ዓይነት አለመጣጣም ነው። ጭንገፋ ሁሉ ግን ከዚያ አይመጣም፤ ሌላም ምክንያት አለ።

በ1983 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ለንደን ውስጥ ዶክተር ግራሃም ሂዩዝ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ሕመም ለይተው ጻፉ፤ ዛሬ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም ይባላል። የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን እንደ ጠላት ያያል፤ ደም ያለ ቦታው ይረጋል፤ እንግዴ ልጁም ይጎዳል። የሚለየው በደም ምርመራ ነው፤ ያውም ቢያንስ በ12 ሳምንት ልዩነት ሁለቴ። እዚህ ላይ ትዕግሥቷ ያለቀባትን እናት አልፈርድባትም። በእርግዝና ጊዜ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪንና የሄፓሪን መርፌ ነው። ሄፓሪን ወደ ጽንሱ አያልፍም። ዋርፋሪን የሚባለው የደም ማቅጠኛ ኪኒን ግን ያልፋል፣ ሊጎዳውም ይችላል፤ ስለዚህ ኪኒኑን የምትወስድ ሴት ሳታረግዝ ሐኪሟን ታማክር፤ በራሷ ግን አታቋርጥ።

ከወሊድ በኋላም ደም የመርጋቱ ስጋት ለሳምንታት ይቆያል። አራሷ አንድ እግሯ ብቻ አብጦ ካመማት፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠራት፣ «ክርስትናው ይለፍ» ሳይባል ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ትሂድ።