ጅቡቲን ከልጅ ጋር

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሲደርስ ልጃቸውን ይዘው ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ወዳጆቻቸው ብቅ የሚሉ ወላጆች አሉ። ለምን ክረምትን አይጠብቁም?

እሱ፦ ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ለልጅ ይከብዳል። ጥርና የካቲት ግን አየሩ ደስ ይላል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኤሌክትሪክ ባቡሩ አለ።

እሷ፦ ማረፊያስ? ሆቴል ወይስ ወዳጅ ቤት?

እሱ፦ ወዳጅ ቤት፣ እህቴ! ልጅ አገር የሚያውቀው ከቤተሰብ ጋር ሲውል ነው። ቀትር ላይ ሱቁ ተዘጋግቶ ሰው ሲያርፍ፣ አመሻሽ ላይ ከተማው ሲነቃ ያያል። ቁርስ ላይ ላሆህ የሚባለው እንጀራ መሰል ቂጣ ይቀርብለታል። ሱማሌኛ የሚናገር የድሬ ልጅ ከሆነማ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ወዲያው ይግባባል።

እሷ፦ ጊዜው አጭር ነው፤ ምኑን አይቶ ምኑን ይተው?

እሱ፦ አንድ ማለዳ ለአሳል ሐይቅ ይስጡ። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ፣ የአፍሪካ ዝቅተኛው ስፍራ ነው። ልጁ ነጩን ጨው በእግሩ ይርገጠው። የቀረው ጊዜ ለሰዎቹ ይሁን።

እሷ፦ ባዶ እጅ እንዳይኬድ ቡና ይያዝ፤ ልጁም በገዛ እጁ ይስጥ። በሚቀጥለው ዕረፍት የወዳጆቻችሁን ልጆች ወደ ድሬ ጋብዙ። የወላጆች ወዳጅነት ለልጆች የሚተላለፈው እንዲህ ሲጠያየቁ ነው።