የተጻፈ ሁሉ እውነት ነው ወይ?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አይሁድ ጥላቻ ነው። ነገሩ ሩቅ አይምሰላችሁ። በጎንደር የቤተ እስራኤል ሰዎች ማረሻ ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው ገበሬውን ያገለግሉ ነበር። ዳሩ ግን ልጅ ሲታመም «ቡዳ በላው» እየተባለ በእነሱ ይላከክ ነበር። ማረሻውን ተቀብለን ሠሪውን ፈራነው።

በአውሮፓም እንዲሁ ሆኗል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1348 እና በ1349 ወረርሽኝ ሕዝቡን ሲፈጅ «አይሁዶች በውኃ ጉድጓድ መርዝ ጨመሩ» ተባለ። ብዙዎች በእሳት ተቃጠሉ። በሽታው ግን በአይጥና በቁንጫ የሚተላለፍ ነበር።

በ1903 ደግሞ በሩሲያ አንድ ጽሑፍ ታተመ። «አይሁዶች ዓለምን በእጃቸው ለማስገባት በምሥጢር ዶልተዋል» ይላል። በ1921 አንድ የለንደን ጋዜጣ ጽሑፉ ከሌላ መጽሐፍ የተቀዳ ሐሰት መሆኑን አጋለጠ። ሆኖም ናዚዎች ሥራ ላጣው የጀርመን ሕዝብ «ጠላትህ አይሁድ ነው» እያሉ አስተማሩበት። በመጨረሻም 6 ሚሊዮን ያህል አይሁዶችን ገደሉ። ያ ጽሑፍ ዛሬም አልሞተም፤ በስልክ ሳይቀር ይዞራል።

ለምን አይሞትም? ችግር ሲመጣ ምክንያቱን መመርመር ያደክማል፤ ጎረቤትን መወንጀል ግን ይቀላል። ገዢዎችም ቁጣው ወደ እነሱ እንዳይዞር ይጠቀሙበታል።

እንግዲህ ፊደል ቆጥረናል፤ ማንበብም ችለናል። ውሸትም የሚጻፈው በዚሁ ፊደል ነው። አንድ ሕዝብ በሙሉ ክፉ ነው የሚል ጽሑፍ ሲደርሰን «ማን ጻፈው? ማስረጃው የት አለ? ማንስ ይጠቀምበታል?» ብለን እንጠይቅ።